ጩኸትና ጉዳት፦ ብሪታንያ ከአውሮፓ ሕብረት ጋር ለተዋዋለችው የንግድ ስምምነት የተሰጠው የሕዝብ ምላሽ

ብሪታንያ የአውሮፓ ሕብረት አባልነቷን ከተወች በኋላ ከሕብረቱ ጋር የምትነግድበትን ሥርዓት የወሰነው «የንግድና የትብብር ስምምነት» ዲሴምበር 24 ቀን 2020፣ በፈረንጆች የገና ዋዜማ ተቋጭቶ፣ ከስድስት ቀን በኋላ በአንድ ቀን ክርክር በብሪታንያ ፓርላማ ጸድቆ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 በጊዜያዊነት ሥራ ላይ ውሏል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ስምምነቱ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ይሁንና አብዛኛው ጽሑፍ ወይ አንቀጾቹን ይተነትናል፣ አለዚያም በኢኮኖሚው ላይ ያስከተለውን ውጤት ይለካል። ተራው ዜጋ፣ የሙያ ማኅበራቱ፣ የየግዛቱ ፖለቲከኞችና በባሕሩ ማዶ ያሉት አውሮፓውያን ስምምነቱን እንዴት ተቀበሉት የሚለው ጥያቄ በአንጻሩ ተበታትኖ ቀርቷል። ምላሾቹ ተሰብስበው ሲታዩ ጎልቶ የሚወጣው ነገር የተቃውሞው ብርታትና የደረሰው ጉዳት መጠን አለመመጣጠናቸው ነው። ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት ውስጥ ድርሻቸው 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነ ዓሣ አጥማጆች የመላውን አውሮፓ ጆሮ ሲይዙ፣ ከኢኮኖሚው አራት አምስተኛ የሚሆነው የአገልግሎት ዘርፍ ከስምምነቱ እጅግ ጥቂት አግኝቶ ሳለ ድምፁ ብዙም አልተሰማም። የዚህ ዳሰሳ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

ወደ ስምምነቱ ያደረሰው መንገድ

ብሪታንያ በጊዜው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ይባል የነበረውን ማኅበር የተቀላቀለችው በ1973 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከድምፅ ሰጪዎቹ 67 በመቶ ያህሉ በአባልነት መቀጠልን ደግፈው ነበር። ጁን 23 ቀን 2016 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ግን 51.9 በመቶው መውጣትን፣ 48.1 በመቶው መቆየትን መረጠ። ልዩነቱ በሀገር ደረጃ ጠባብ ቢሆንም በየግዛቱ ሲታይ መልኩ ይለወጣል፤ እንግሊዝና ዌልስ መውጣትን ሲደግፉ፣ ስኮትላንድ በ62 በመቶ፣ ሰሜን አየርላንድ ደግሞ በ55.8 በመቶ መቆየትን ደግፈዋል። የኋላ ኋላ ለተነሣው ቅሬታ ሁሉ ሥር የሆነው ግን የድምፁ ቁጥር ሳይሆን የጥያቄው አቀራረብ ነበር፤ መራጩ «ይውጡ ወይስ ይቆዩ?» ተብሎ ተጠየቀ እንጂ «ከወጡ በኋላ በምን ሥርዓት ይነግዱ?» ተብሎ አልተጠየቀም። ዕቃ፣ አገልግሎት፣ ገንዘብና ሰው ያለ ገደብ የሚዘዋወርበትን ነጠላ ገበያ ይዞ መውጣትም፣ አባላቱ በውጭ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ የሚጥሉበትን የጉምሩክ ሕብረት ይዞ መውጣትም፣ ሁለቱንም ጥሎ መውጣትም «መውጣት» ተብለው ሊጠሩ ይችሉ ነበር።

ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ሜይ በ2019 መጀመሪያ ያቀረቡት የመውጫ ውል በፓርላማ ሦስት ጊዜ፣ በ230፣ በ149 እና በ58 ድምፅ ልዩነት ወደቀ። እርሳቸውን የተኩት ቦሪስ ጆንሰን በዚያው ዓመት ዲሴምበር በተደረገው ምርጫ የ80 መቀመጫ ብልጫ አግኝተው ሀገሪቱን ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከሕብረቱ አስወጡ፤ የንግዱ ድርድር የተካሄደውም እስከ ዓመቱ መጨረሻ በተሰጠው የመሸጋገሪያ ጊዜ ውስጥ፣ በሕብረቱ በኩል በሚሼል ባርኒዬ፣ በብሪታንያ በኩል በዴቪድ ፍሮስት መሪነት ነበር። በእነዚህ አራት ዓመት ተኩል ውስጥ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ሳራ ሆቦልትና የሥራ ባልደረቦቿ ባካሄዱት ጥናት እንዳሳዩት፣ «የመውጣት» እና «የመቆየት» ደጋፊነት ከፖለቲካ አቋምነት አልፎ ሰው ራሱን የሚገልጽበት ማንነት ሆኗል፤ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን የሚያዩበት ዓይንም የፓርቲ ደጋፊነት ከሚፈጥረው ጥላቻ የማይተናነስ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ገጽ በላይ የነበረው ሰነድ ሲወጣ አብዛኛው ሰው ፍርዱን የሰጠው ሳያነበው ነው። ይህ ለነቀፋ የሚባል አይደለም፤ ድምፅ የሰጡበት እንደራሴዎችም ቢሆኑ ለማንበብ በቂ ጊዜ አልነበራቸውም።

ሰነዱ የያዘውና ያልያዘው

የስምምነቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ፣ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ከሌላው በሚገዛው ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዳይጥሉና የመጠን ገደብ (ኮታ) እንዳያስቀምጡ መስማማታቸው ነው። ሆኖም ከቀረጥ ነጻ መሆን ከመሰናክል ነጻ መሆን አይደለም። አንደኛ፣ ዕቃው ከቀረጥ ነጻ የሚያልፈው በበቂ መጠን በብሪታንያ ወይም በሕብረቱ ውስጥ የተሠራ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ይህን የሚወስነው ድንጋጌ የስሪት ሀገር ደንብ ይባላል። ለዚህ በወቅቱ በብዛት የተጠቀሰው ምሳሌ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው የችርቻሮ ድርጅት በጀርመን የሚያስመርተው፣ የአሳማ ፊት ቅርጽ ያለው ከረሜላ ነበር፤ ከረሜላው ከጀርመን ወደ ብሪታንያ ገብቶ ተመልሶ ወደ አየርላንድ ሲላክ፣ በሕብረቱ ውስጥ ተሠርቶ በሕብረቱ ውስጥ የሚሸጥ ሆኖ ሳለ ቀረጥ ሊጠየቅበት የሚችል ዕቃ ሆነ። ሁለተኛ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና ተክል ነክ ምርት ሁሉ የጤና ምስክር ወረቀትና የድንበር ፍተሻ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ የባንክ፣ የሕግ፣ የሒሳብና የመሳሰሉት አገልግሎቶች ቀድሞ የነበራቸው መብት አልቀጠለም፤ በአንዱ ሀገር የተሰጠ የሙያ ፈቃድ በሌላው ሀገር ራሱን ችሎ ተቀባይነት ማግኘቱም ቀርቷል። አራተኛና ለብዙ ሰው ቅርብ የሆነው፣ ያለ ቪዛ ሄዶ የመሥራትና የመኖር መብት ማክተሙ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ጆንሰን ስምምነቱን ሲያበሥሩ ከቀረጥ ውጭ የሆነ መሰናክልም እንደማይኖር መናገራቸው በዚህ ምክንያት ከእውነት የራቀ ነበር፤ ከሳምንት በኋላም በየወደቡ የተከሰተው ነገር ይህንኑ አጋለጠ።

የመጀመሪያው ምላሽ፦ እፎይታ

ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስሜት ቁጣ አልነበረም። ከስምምነቱ ቀደም ባሉት ቀናት በእንግሊዝ አዲስ የኮሮና ቫይረስ ዝርያ በመገኘቱ ፈረንሳይ ድንበሯን ለ48 ሰዓታት ዘግታ፣ በኬንት ግዛት በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ከነሾፌሮቻቸው መንገድ ላይ ገናን ሊያሳልፉ ተገደው ነበር። ያለ ስምምነት መውጣት ምን ሊመስል እንደሚችል ሕዝቡ በዓይኑ አየው ማለት ነው። ስለዚህ ሰነዱ የተመዘነው ከቀድሞው አባልነት ጋር ሳይሆን ስምምነት ከማጣት ጋር ነበር፤ «የባሰ አለ» የሚለው መጽናኛ በንግድ ማኅበራት መግለጫ፣ በገበያው የፓውንድ ምንዛሪና በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ላይ ሁሉ ይነበባል። በወቅቱ የተካሄዱ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ያሳዩት ነገር እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም ከዚህ አንጻር ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ተጠያቂ ፓርላማው ስምምነቱን እንዲያጸድቅ ሲፈልግ፣ ስምምነቱን «ጥሩ» ያለው ግን ጥቂቱ ነበር።

ፓርላማውም ዲሴምበር 30 ቀን በ521 ድምፅ ድጋፍና በ73 ተቃውሞ አጸደቀው። በጆንሰን ወግ አጥባቂ ፓርቲ ውስጥ የአውሮፓ ሕብረትን አጥብቀው የሚቃወሙት እንደራሴዎች ጉዳዩን ለራሳቸው የሕግ አዋቂዎች ቡድን አስመርምረው ሉዓላዊነትን አያጓድልም የሚል መልስ ስላገኙ፣ ከፓርቲው አንድም እንደራሴ በተቃውሞ ድምፅ አልሰጠም፤ ሕዝበ ውሳኔው እንዲደረግ ለዓመታት የታገሉት ናይጄል ፋራጅም ፍልሚያው አብቅቷል ሲሉ ስምምነቱን ተቀበሉ። የሌበር ፓርቲ መሪ ኪር ስታርመር አባሎቻቸው እንዲደግፉት አዘዙ፤ ከ30 የሚበልጡት ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ይህ የሌበር ውሳኔ በወቅቱ እንደ ቀላል ስልት ቢታይም የኋላው ዝምታ ዋና መነሻ እርሱ ነው፤ ስምምነቱን በድምፁ ያጸደቀ ተቃዋሚ ፓርቲ ስምምነቱ ያስከተለውን ጉዳት እያነሣ መንግሥትን መክሰስ አልቻለም። በፓርላማው የመጨረሻ ሰዓታት ያልተሰማ ተቃውሞ በኋላ የሚሰማበት መድረክ አላገኘም።

ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ

በስኮትላንድ ምላሹ ከንግድ ይልቅ ስለ ሥልጣን ነበር። የስኮትላንድ ፓርላማ በዚያው ዲሴምበር 30 ቀን በ92 ድምፅ ለ30 ፈቃዱን ነፈገ፤ ይሁንና የለንደኑ ፓርላማ የክፍለ ሀገር ፓርላማዎችን ፈቃድ የሚጠይቀው በልማድ እንጂ በሕግ ስለማይገደድ ክልከላው የቀየረው ነገር አልነበረም። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ይህንኑ ለነጻነት ጥያቄው ማስረጃ አድርጎ ተጠቀመበት፤ የስኮትላንድ የዘር ድንች ወደ ሕብረቱ እንዳይሸጥ መታገዱን የመሳሰለው ዝርዝር ጉዳት በዚህ ትልቅ ክርክር ጥላ ሥር ዋለ።

የሰሜን አየርላንድ ነገር የበለጠ የተወሳሰበ ነው። በጥብቅ ከታየ፣ ግዛቲቱ በዕቃ ንግድ የሕብረቱን ደንብ እንድትከተል ያደረገው «ፕሮቶኮል» የመውጫው ውል አካል እንጂ የንግድ ስምምነቱ አካል አይደለም። ሕዝቡ ግን ሁለቱን ነጥሎ አላየም፤ ሁለቱም በአንድ ሌሊት፣ በጃንዋሪ 1 ሥራ ላይ ስለዋሉ፣ ከሊቨርፑል ወደ ቤልፋስት የሚጫን ዕቃ በገዛ ሀገሩ ውስጥ የጉምሩክ ወረቀት ሲጠየቅ የታየው እንደ አንድ ነገር ነበር። ከብሪታንያ ጋር በአንድነት መኖርን የሚሹት ዩኒየኒስቶች ሕብረቱን ለቆ መውጣትን በ2016 የደገፈውን ዲሞክራቲክ ዩኒየኒስት ፓርቲን ጨምሮ ስምምነቱን ተቃወሙ። በጃንዋሪ 2021 መጨረሻ የአውሮፓ ኮሚሽን በክትባት ጉዳይ የፕሮቶኮሉን የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽ ሊጠቀም ተነሥቶ በሰዓታት ውስጥ መመለሱ ቁጣውን አባባሰው፤ በሚቀጥለው ወር በላርንና በቤልፋስት ወደቦች የፍተሻ ሠራተኞች በዛቻ ምክንያት ለጊዜው ከሥራ ተነሡ፣ በማርች መጨረሻና በአፕሪል በበርካታ ከተሞች የጎዳና ሁከት ተቀሰቀሰ። በፌብሩዋሪ 2022 ዲሞክራቲክ ዩኒየኒስት ፓርቲ ከግዛቲቱ መንግሥት ወጣ፤ መንግሥቱም እንደገና የቆመው ብሪታንያና ሕብረቱ በፌብሩዋሪ 2023 የተስማሙበት የዊንዘር ማዕቀፍ ፍተሻውን ካቀለለ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ቁጣው ስለ ገንዘብ ብቻ እንዳልነበረ ግን መታወቅ አለበት፤ ግዛቲቱ ለሁለቱም ገበያ ክፍት መሆኗ ለብዙ አምራቾች ጥቅም ነበረው፤ ከዩኒየኒስቶቹ ብዙዎቹ ግን ጥቅሙን ከዜግነታቸው ጋር አስተያይተው አልተቀበሉትም።

ዓሣው

ከሁሉም ምላሾች ይበልጥ የሚያስተምረው የዓሣ አጥማጆቹ ነው፤ በእርሱ ላይ መዘግየት የሚገባውም የተስፋና የውጤት ርቀት በዚህ ዘርፍ እንደታየው የትም ስላልታየ ነው። ከ1973 ወዲህ የአውሮፓ መርከቦች በብሪታንያ ባሕር ማጥመዳቸው ለወደብ ከተሞች የአባልነት ዋጋ ምልክት ሆኖ ኖሯል። የመውጣት ዘመቻውም «ባሕራችንን እናስመልስ» የሚለውን ጥያቄ ከፊት አሰለፈው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመ ደሃ አጥማጅ ስለ ሉዓላዊነት ከሚጻፉ ብዙ ገጾች ይልቅ በመራጭ ልብ ውስጥ ይገባል። በስምምነቱ ግን ሕብረቱ የተወው በብሪታንያ ባሕር ከሚያጠምደው ዓሣ ዋጋ ሩቡን፣ ያውም በአምስት ዓመት ተኩል ቀስ በቀስ፣ እስከ ጁን 2026 የሚፈጸም ነበር። የዓሣ አጥማጆች ብሔራዊ ማኅበር ውጤቱን ተስፋ የተጣለበት እንዳልሆነና እንደ ክህደት የሚታይ እንደሆነ አስታወቀ።

ከዚያም በጃንዋሪ 2021 ወረቀቱ መጣ። ከስኮትላንድ ወደ ፈረንሳይና ስፔን የሚላክ ሎብስተርና ሸርጣን በማግስቱ ገበያ መድረስ ሲገባው በጤና ምስክር ወረቀት ጉድለት ለቀናት ይዘገይ ጀመር፤ የሚበሰብስ ዕቃ ደግሞ ቢሮክራሲን የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም። በውሃ ጥራት ሁለተኛ ደረጃ ከተሰጣቸው ባሕር ዳርቻዎች የሚወጡ ሕያው ኦይስተርና መሰሎቹ ሳይጸዱ ወደ ሕብረቱ እንዳይገቡ የሚከለክለው ደንብ ብሪታንያ በአባልነቷ ዘመን ራሷ ተሳትፋ ያወጣችው ነበር። ጃንዋሪ 18 ቀን ላኪዎቹ የጭነት መኪኖቻቸውን ለንደን ድረስ ነድተው በመንግሥቱ መቀመጫ አጠገብ አሰለፏቸው። የታችኛው ምክር ቤት የመንግሥት ጉዳዮች መሪ የነበሩት ጄኮብ ሪስ ሞግ ግን ዓሣዎቹ አሁን ብሪታንያዊ በመሆናቸው የበለጠ ደስተኞች ናቸው ሲሉ በምክር ቤት ቀለዱ፤ ቀልዱ የዚያን ወቅት መንግሥት ለወረቀት ጉዳይ የነበረውን ንቀት ከማንኛውም ትንታኔ በተሻለ ያሳያል። መንግሥት በመጨረሻ 23 ሚሊዮን ፓውንድ የማካካሻ ፈንድ መደበ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የፖለቲካው ውጤት የተጠበቀውን አልመሰለም። ሜይ 6 ቀን 2021 ሕዝቧ ከአሥር ሰባቱ መውጣትን በመረጠባት በሃርትልፑል የወደብ ከተማ በተደረገው ማሟያ ምርጫ፣ ወግ አጥባቂው ፓርቲ የምርጫ ክልሉ በ1974 ከተቋቋመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። በዚያው ቀን ስድሳ ያህል የፈረንሳይ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች በማጥመጃ ፈቃድ ውዝግብ በብሪታንያ ጥበቃ ሥር ባለችው በጀርዚ ደሴት ወደቡን ከበው፣ ብሪታንያ ሁለት የባሕር ኃይል መርከቦች ልካ ነበር። የፈጣኑ የክትባት ዘመቻ ስኬት በብዙ መራጮች ዘንድ ከመውጣቱ ጋር ስለተያያዘ፣ በወደቦቹ የተሰማው ምሬት ወደ ምርጫ ሳጥን አልገባም። ምሬቱም መውጣቱን የሚቃወም አልነበረም፤ አጥማጁ የተቆጣው ወጥቶ ያገኘው ነገር ስላነሰበት ነው።

ዝም ያሉት

ከዓሣው ጋር ሲነጻጸር የገንዘብ ተቋማቱ ጸጥታ ያስደንቃል። ለንደን በጃንዋሪ 2021 በአክሲዮን ግብይት መጠን የአውሮፓ ቀዳሚ ማዕከልነቷን ለአምስተርዳም አስረከበች፤ ኢዋይ የተባለው የሒሳብ አማካሪ ድርጅት በ2022 ባወጣው ግምት ወደ ሕብረቱ ከተሞች የተዛወረው የፋይናንስ ሥራ 7 ሺህ ገደማ ነው። ሆኖም በመንግሥቱ ደጅ የተሰለፈ የባንክ ሠራተኛ አልታየም። በአገልግሎት ዘርፉ ውስጥ ድምፁን ከፍ ያደረገው ሙዚቀኛው ብቻ ነበር፤ በአውሮፓ ከተሞች እየዞሩ መዝፈን በየሀገሩ የሥራ ፈቃድና የመሣሪያ ማጓጓዣ ወረቀት የሚጠይቅ ስለሆነ ከ280 ሺህ በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ቀረበ፣ ኤልተን ጆንና ስቲንግን ጨምሮ ከመቶ በላይ ታዋቂ አርቲስቶችም ግልጽ ደብዳቤ አወጡ።

ይህን ልዩነት ለማብራራት የሚቀርቡት ሐሳቦች የተለያዩ ናቸው። አንደኛው፣ ዓሣ የሉዓላዊነት ምሳሌ ሲሆን ባንክ ግን አይደለም የሚል ነው፤ ትክክል ቢሆንም ሙዚቀኛውን አያብራራም። ሁለተኛው የማንነት ማብራሪያ ነው፤ ሰው ምላሹን የሚሰጠው በ2016 ከቆመበት ወገን ነው ይላል። ይህም መራጩን ሲያብራራ የሙያ ማኅበራቱን አያብራራም። ከሁሉ ይልቅ የሚያግዘው የኢኮኖሚ ምሁሩ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ ነው። በእርሱ አመለካከት የአንድ ተቋም ወይም ሥርዓት ጥራት ሲያሽቆለቁል ተጎጂዎች ሁለት መንገድ አላቸው፤ ወይ ትተው ይሄዳሉ፣ ወይ ቀርተው ድምፃቸውን ያሰማሉ፤ መሄድ የቀለለው ሰው ለመጮኽ ምክንያቱ ይቀንሳል። ትልቁ ባንክ በደብሊን፣ በፓሪስ ወይም በፍራንክፈርት ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ የተወሰኑ ሠራተኞቹን አዛውሮ ችግሩን በገንዘብ ይወጣዋል። አጥማጁ ግን ባሕሩን ተሸክሞ አይሄድም፤ ወጣቱ ሙዚቀኛም በራሱ ምትክ መድረክ ላይ የሚቆም ተቀጽላ ድርጅት አይከፍትም። ጩኸቱ የበረታው ጉዳቱ በበረታበት ሳይሆን መውጫ በጠፋበት ቦታ ነበር።

ይሁን እንጂ የሂርሽማን ክፍፍል የማይሸፍነው ሦስተኛ ወገን አለ፤ ዝም ብሎ የተሸነፈው። በለንደን የኢኮኖሚክስና ፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ስምምነቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከ16 ሺህ የሚበልጡ የብሪታንያ ድርጅቶች ወደ ሕብረቱ መላክ አቁመዋል። ትልልቆቹ ላኪዎች ወረቀቱን የሚሠራ ክፍል ስላላቸው ብዙም አልተነቃነቁም፤ የተገፉት ትንንሾቹ ናቸው። በሳምንት ሁለት ጥቅል ለደንበኛ የሚልክ የአይብ አምራች የእንስሳት ሐኪም ፊርማ ያለበት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ከሽያጩ በላይ ሲከፍል ሰልፍ አይወጣም፤ ለደንበኛው ይቅርታ ጽፎ ያቆማል እንጂ። እነዚህ ድርጅቶች የሚጮኽላቸው ማኅበርም፣ እንደ ዓሣ ያለ ምልክትም አልነበራቸውም። በመገናኛ ብዙኃን ሚዛን ቢለኩ የሉም ማለት ይቻላል፤ በጉዳት ሚዛን ግን ከሁሉ ፊት የሚቆሙት ሳይሆኑ አይቀሩም።

የኮሮና ወረርሽኝም ለዝምታው አስተዋጽኦ ነበረው። በጃንዋሪ 2021 ከብሪታንያ ወደ ሕብረቱ የተላከው ዕቃ በአንድ ወር ውስጥ በ40 በመቶ ገደማ ሲያሽቆለቁል፣ ምን ያህሉ በስምምነቱ፣ ምን ያህሉ በወረርሽኙ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ነጋዴዎች ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ዕቃ በማከማቸታቸው እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። መንግሥትም ከሕብረቱ በሚገባው ዕቃ ላይ ራሱ ሊያደርግ የሚገባውን ፍተሻ እየደጋገመ እስከ 2024 አራዘመው፤ በዚህ መንገድ ሸማቹ በገበያ መደርደሪያ ላይ ሊያየው የሚችለው ችግር ተለዝቦ፣ ጫናው በላኪው ላይ ብቻ አረፈ። በመንግሥት ወጪና ገቢ ላይ ነጻ ትንበያ የሚሰጠው የበጀት ኃላፊነት ቢሮ ያስቀመጠው ግምት፣ አዲሱ ግንኙነት የሀገሪቱን የረጅም ጊዜ ምርታማነት በአባልነት ከመቆየት ጋር ሲነጻጸር በ4 በመቶ ያሳንሳል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት ደግሞ ሰው የሚያየው ኪሳራ አይደለም፤ ሳይመጣ የቀረ ገቢ ነው፤ ሳይመጣ በቀረ ነገር ላይ ሰልፍ የሚወጣ የለም።

በማዶው

በሕብረቱ በኩል የነበረው ምላሽ በአመዛኙ ረጋ ያለ፣ ከዚያም ግዴለሽ ነበር። የአውሮፓ ፓርላማ በአፕሪል 2021 በ660 ድምፅ ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ32 ድምፀ ተአቅቦ ሲያጸድቀው፣ የብዙዎቹ እንደራሴዎች ንግግር መውጣቱን እንደ ታሪካዊ ስሕተት እየቆጠረ ስምምነቱን እንደ ጉዳት መቀነሻ የሚያይ ነበር። ለየት ያለችው አየርላንድ ናት፤ ዓሣ አጥማጆቿ ለብሪታንያ የተተወው ኮታ ሸክም በእነርሱ ላይ ከብዷል ብለው በጁን 2021 ጀልባዎቻቸውን ወደ ደብሊን አሰልፈው ሲቃወሙ፣ የጭነት አጓጓዦቿ ደግሞ ብሪታንያን አቋርጦ ከመሄድ ይልቅ ከሮዝሌር ወደ ፈረንሳይ በቀጥታ የሚጓዙ መርከቦችን መረጡ። በሌሎቹ አባል ሀገራት የታየው ትልቁ ለውጥ ከንግድ ውጭ ነው፤ የፈረንሳይዋን ማሪን ለፔንን የመሳሰሉ ፖለቲከኞች ስምምነቱ ከመቋጨቱ በፊት ከሕብረቱ ወይም ከዩሮ የመውጣት ጥያቄን ከመፈክራቸው አውጥተው ነበር።

ስምምነቱ የአፍሪካን ቀንድ የነካው በጥቂቱ ነው፤ ያም ቢሆን መጠቀስ አለበት። ብሪታንያ ስትወጣ ለድሃ ሀገራት የሚሰጠውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል በራሷ ሕግ ስለቀጠለችው፣ ኢትዮጵያ ወደ ብሪታንያ በምትልከው ቡናና አበባ ላይ አዲስ ቀረጥ አልመጣም፤ በዚያ የድሃ ሀገራት ዝርዝር ውስጥ የሌለችው ኬንያ ግን በዲሴምበር 2020 ለብቻዋ ውል ለመፈረም ተገድዳለች። ሆኖም የኢትዮጵያ አበባ በብዛት የሚሸጠው በኔዘርላንድስ በኩል በመሆኑ፣ ከዚያ ወደ ብሪታንያ የሚሻገረው ቀድሞ ያልነበረ የጉምሩክ ድንበር ያቋርጣል። በሌላ በኩል፣ የጥገኝነት ጠያቂን ጉዳይ በመጀመሪያ የገባበት ሀገር እንዲያይ የሚያዘው የደብሊን ደንብ ለብሪታንያ ሲያበቃ በስምምነቱ ውስጥ ምትክ አልተቀመጠለትም፤ በትናንሽ ጀልባዎች የእንግሊዝን ቦይ ያቋረጡት ሰዎች ቁጥር በ2020 ከነበረበት 8,500 ገደማ በ2022 ወደ 45,700 ሲያሻቅብ፣ ኤርትራውያን በብዛት ከተሻገሩት መካከል ነበሩ፤ የሕዝቡ ቁጣም ከወደቦቹ ወረቀት ወደ ጀልባዎቹ ዞረ።

ከስምምነቱ ወደ መውጣቱ

ከ2021 አጋማሽ ወዲህ የተካሄዱ የአስተያየት መለኪያዎች የሚያሳዩት ለውጥ አንድ አቅጣጫ ያለው ነው። መውጣቱ ስሕተት ነበር የሚሉት ቁጥራቸው ጨምሮ ከ2022 ጀምሮ ከግማሽ በላይ ሆነዋል፤ ትክክል ነበር የሚሉት ወደ ሲሦ ዝቅ ብለዋል። የአስተያየት ጥናት ምሁሩ ጆን ከርቲስ ደጋግመው እንደሚያመለክቱት፣ ለውጡ የመጣው በከፊል ሐሳባቸውን ከቀየሩት፣ በከፊል ደግሞ በ2016 ድምፅ ለመስጠት ዕድሜያቸው ካልደረሰው ወጣቶች ነው። ስምምነቱ ራሱ ግን የዚህ ክርክር ርዕስ አልሆነም፤ የተጸጸተው ሰው የሚጸጸተው በመውጣቱ እንጂ በአንቀጾቹ አይደለም፤ ያልተጸጸተውም ጉድለቱን የሚያሳብበው በአፈጻጸሙ ነው። በ2024 ከ400 በላይ መቀመጫ ይዞ ሥልጣን የተቆጣጠረው የሌበር ፓርቲ በምርጫ ዘመቻው ጉዳዩን እምብዛም ሳያነሣ፣ ወደ ነጠላ ገበያ፣ ወደ ጉምሩክ ሕብረትም ሆነ ወደ ነጻ የሰዎች ዝውውር እንደማይመለስ አስቀድሞ ቃል ገብቶ ነበር።

ሜይ 19 ቀን 2025 ስታርመር በለንደን ከሕብረቱ መሪዎች ጋር ባደረጉት ስምምነት ግንኙነቱን ሲያድሱ የድሮው ምላሽ ተደገመ። የሕብረቱ አጥማጆች በብሪታንያ ባሕር የሚያጠምዱበት ጊዜ እስከ ጁን 2038 ተራዘመ፤ በምላሹ የምግብና የእንስሳት ጤና ፍተሻን የሚያቃልል ውል እንዲደረግ መርሕ ተቀመጠ። የስኮትላንድ ዓሣ አጥማጆች ፌዴሬሽን ውሉን በብርቱ ቃል አወገዘ፣ ፋራጅም ተቃወሙት፤ መንግሥትም ለዘርፉ 360 ሚሊዮን ፓውንድ ለ12 ዓመት መደበ። የሳልመን እርባታ ባለቤቶችና የሥጋ ላኪዎች የሰጡት ድጋፍ ከውግዘቱ ጎን ሲታይ የዕለት ዜና ብቻ ነበር። ለሙዚቀኞቹ የተሰጠው ጥረቱ ይቀጥላል የሚል ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ለባንኮችና ለሌላው የአገልግሎት ዘርፍ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ለጮኸ ፈንድ ተመድቧል፤ ዝም ብለው መላክ ያቆሙት አሥራ ስድስት ሺህ ድርጅቶች ግን በ2020 የገና ዋዜማ በተጻፈው ሰነድ ሥር እንዳሉ ናቸው።